በግቢ ውስጥ የሚሠራ መዋኛ ገንዳ፦ ከመሬቱ ምርመራ እስከ ዘወትር እንክብካቤው

በአዲስ አበባም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በአዳማ ወይም በሐዋሳ በግቢው መዋኛ ገንዳ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ከባለሙያ ጋር መነጋገር የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከገንዳው ቅርጽና ከሴራሚኩ ቀለም ነው። ጥቂት ክረምት ሳያልፍባቸው የተሰነጠቁትን ወይም ባዶአቸውን የቀሩትን ገንዳዎች ስንመለከት ግን ጥፋቱ በቅርጹም በቀለሙም አይደለም። አንደኛው ምክንያት ከሥራቸው ያለው መሬት በቅጡ ሳይታወቅ መሠራታቸው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚዘዋወርና ወዴት እንደሚወገድ ከቁፋሮው በፊት አለመወሰኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው ለእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ነው። ስሌቱ ተጨባጭ እንዲሆን 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት ያለውን፣ 45 ሜትር ኩብ ወይም 45,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ በምሳሌነት እንወስዳለን። ለአንድ ቤተሰብ ይህ መጠን ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ ገንዳ የሚጨምረው ደስታ ጥቂት ሲሆን የውኃው፣ የክሎሪኑና የመብራቱ ወጪ ግን በመጠኑ ልክ ያድጋል።

ከቁፋሮው በፊት

የግንባታ ፈቃድ ማውጣት፣ ገንዳውን ከሴፕቲክ ታንክና ከቤቱ መሠረት ማራቅ፣ እንዲሁም ቅጠላቸውን ከሚያራግፉና ሥራቸው ሩቅ ከሚሄድ ዛፎች ፈቀቅ ማድረግ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ናቸው። ቦታው ከረፋድ እስከ አመሻሽ ፀሐይ የሚያገኝ ቢሆን ይመረጣል። በተለይ አዲስ አበባ ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ጥላ ሥር የተሠራ ገንዳ ለእግር መንከሪያ እንኳ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ጉዳይ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 45,000 ሊትር ከመስመር መሙላት የጎረቤትን ድርሻ መሻማት ስለሚሆን፣ የመጀመሪያውን ሙሌት በቦቴ ማስመጣት የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላም በበጋ ወራት ከገንዳው ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ቢተን በ32 ካሬ ሜትር ስፋት ላይ 160 ሊትር ይሆናል። ማጣሪያው በታጠበ ቁጥር የሚወጣው ወደ 400 ሊትር የሚጠጋ ውኃም አለ። ስለዚህ ለገንዳው ብቻ የሚያገለግል፣ ከቤቱ የመጠጥ ውኃ የተለየ ሮቶ ማስቀመጥና የጣራውን የክረምት ውኃ አጣርቶ ወደዚያ ማስገባት ተገቢ ነው።

ውኃው ከጉድጓድ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ የሚበዛበት በመሆኑ በየቦታው የሚታወቅ ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ ፒኤቹ (ውኃው ወደ አሲድ ወይም ወደ አልካላይ ማዘንበሉን የሚያሳየው ቁጥር) ዘወትር ወደ ላይ ስለሚሸሽ ባለቤቱን በየሳምንቱ አሲድ ያስፈልገዋል። ካልሲየም የበዛበት ውኃ በሴራሚክና በቧንቧ ላይ ነጭ ቅርፊት ያበጃል፤ ብረት ያለበት ደግሞ ክሎሪን ሲነካው ወደ ቡኒ ይለወጣል። ይህን ከመሙላቱ በፊት ያወቀ ሰው የትኛውን መድኃኒት በብዛት እንደሚገዛ አስቀድሞ ያውቃል።

መሬቱ

በቦሌና በአቃቂ አካባቢ ባሉ ሜዳማ ስፍራዎች የሚገኘው ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ይህ እብጠት የአጥር ግንብ እንደሚያነሳና እንደሚያዘም ሁሉ የገንዳን ወለልም ይሰብራል። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር ከገንዳው ወለል በታችም በጎንም ቆፍሮ ማውጣትና በማያብጥ ሰለክት ማቴሪያል (የተመረጠ የሙሌት አፈር) መተካት ነው፤ ሙሌቱ በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ሳይሆን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየረጠበ መጠቅጠቅ አለበት። ምን ያህል ጥልቀት መውጣት እንዳለበት የሚወስነው የአፈር ምርመራ ያደረገ መሐንዲስ እንጂ ቆፋሪው አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ይህን ወጪ ለመቀነስ ይሞክራሉ፤ እኔ ግን ከሴራሚኩ፣ ከመብራቱና ከፏፏቴው ላይ ተቀንሶ እንኳ ቢሆን እዚህ ላይ መዋል ያለበት ገንዘብ ነው እላለሁ።

ሁለተኛው የመሬት ጉዳይ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍታ ነው። ከተቻለ በነሐሴ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃው እስከ የት እንደሚወጣ ማየት፣ ግንባታውን ደግሞ ከጥቅምት በኋላ መጀመር ይገባል። ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ በስሌት ማየት ይቻላል። በምሳሌነት የወሰድነው ገንዳ 25 ሳንቲ ሜትር ወለልና 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ቢኖረው ኮንክሪቱ 16 ሜትር ኩብ ያህል ሆኖ ክብደቱ ወደ 40 ቶን ይጠጋል። ገንዳው ባዶ ሆኖ በዙሪያው ያለው ውኃ እስከ አፉ ቢደርስ ግን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 60 ቶን ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ሴራሚክም ልስንም አይሸከመውም፤ ገንዳው ከነቧንቧው ይነሳል ወይም ወለሉ ይፈነዳል። ክረምት ላይ ገንዳን ለማጠብ ሲባል ሙሉ በሙሉ ማድረቅ የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያው ከወለሉ በታች 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ማንጠፍ፣ በጠጠሩ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ መቅበርና ቧንቧውን ከገንዳው አጠገብ ወደተሠራ ጠባብ የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ማድረስ ነው። የጉድጓዱ ክዳን ሲከፈት ከገንዳው ሥር ውኃ መኖሩና አለመኖሩ በዓይን ይታያል፤ ካለም በትንሽ ፓምፕ ይወጣል። በወለሉ ላይ የሚገጠም ከውጭ ግፊት ሲበዛ ራሱ የሚከፈት ቫልቭም አለ፤ እርሱ ግን የጉድጓዱ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም።

የገንዳው አካል

ግድግዳውን በብሎኬት ወይም በድንጋይ ግንብ ሠርቶ በልስን ውኃ ለመያዝ መሞከር በተለይ በጥቁር አፈር ላይ የሚያዋጣ አይደለም። ወለሉም ግድግዳውም ከሲ-25 (የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ ነው) ያላነሰ፣ በሁለት ረድፍ ፌሮ የታሰረና በቫይብሬተር የተመታ ኮንክሪት መሆን አለበት። የስኪመሩ (ከውኃው ገጽ ላይ ቅጠልና ቆሻሻ የሚስበው የግድግዳ አፍ)፣ የመመለሻዎቹ (የተጣራው ውኃ ወደ ገንዳው የሚመለስባቸው)፣ የወለል መምጠጫዎቹና የመብራቶቹ ቦታ ከኮንክሪቱ ሙሌት በፊት በፌሮው ላይ ታስሮ መዘጋጀት ይኖርበታል፤ ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ ተፈልፍሎ የሚገባ ቧንቧ ዙሪያውን ለዘለቄታው ውኃ የሚያሾልክ ይሆናል። ወለሉና ግድግዳው በአንድ ቀን የማይሞሉ ከሆነ በመገናኛቸው ላይ የውኃ ማገጃ ላስቲክ መግባቱን ባለቤቱ ራሱ በዓይኑ አይቶ ያረጋግጥ፣ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ማየት አይቻልምና።

ከሙሌቱ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት፣ በበጋ ደረቅ ነፋስ ደግሞ እስከ 14 ቀናት ኮንክሪቱ ሳያቋርጥ ውኃ መጠጣት አለበት። ከዚያ በጎኑ ያለው አፈር ሳይመለስና አንድም ሴራሚክ ሳይለጠፍ ገንዳው ይሞላና የውኃው ከፍታ ምልክት ተደርጎበት ለአንድ ሳምንት ይጠበቃል። ተቋራጮች ይህን ሙከራ ጊዜ እንደማባከን ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን እርጥብ ነጠብጣብ በግድግዳው ውጭ ከታየ በዚህ ደረጃ ላይ የሚጠገነው በቀላሉ ሲሆን ከሴራሚክ በኋላ የሚጠገነው ገንዳውን በማፍረስ ነው። ሙከራውን ካለፈ በሲሚንቶ ላይ የተመሠረተ የውኃ መከላከያ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሴራሚኩም በውኃ ውስጥ ለሚኖር ሥራ በተዘጋጀ ማጣበቂያና መሙያ ይለጠፋል።

ማዘዋወሪያውና መብራቱ

የገንዳው ውኃ በየ6 ሰዓቱ አንድ ጊዜ በማጣሪያው ማለፍ አለበት ብለን ብናሰላ 45 ሜትር ኩብ ለ6 ሲካፈል በሰዓት 7.5 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። ለዚህ ፍሰት 60 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው የአሸዋ ማጣሪያና ግፊት የሚችል የ50 ወይም የ63 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ ይበቃሉ። ከማጣሪያው ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ፓምፕ መግዛት ውኃውን አያጠራም፤ ቆሻሻውን በአሸዋው ውስጥ ገፍቶ ያሳልፈዋል እንጂ። በወለሉ ላይ የሚገጠሙት መምጠጫዎች ሁለት ሆነው ቢያንስ በ90 ሳንቲ ሜትር መራራቅና ለዚሁ ሥራ የተሠራ ጥብቅ ክዳን ሊኖራቸው ይገባል። አንድ መምጠጫ ብቻ ባለው ገንዳ የልጅ ሰውነት ወይም ረጅም ፀጉር አፉን ሲደፍነው ፓምፑ ይዞ ሊያስቀረው ይችላል፤ አንዱ ሲደፈን ሁለተኛው እንዲስብ የሚደረገው ለዚህ ነው። ክዳኑ የተሰበረ ወይም የጠፋ ቀን ፓምፑ ይጠፋል፣ ማንም ወደ ውኃው አይገባም።

የኤሌክትሪኩ መስመር ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ሊኖረው ይገባል። በውኃው ውስጥ የሚገጠመው መብራት 12 ቮልት ይሁን፤ ትራንስፎርመሩም ከገንዳው ርቆ ይቀመጥ። የመሰላሉ፣ የፌሮውና የፓምፑ ብረታ ብረት ሁሉ እርስ በርስ ተያይዞ ከመሬት ማገናኛው ጋር መታሰር አለበት። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅ ሞተር ስለሚያቃጥል ለፓምፑ የቮልቴጅ መከላከያ ማስገባትም ያስፈልጋል። ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ የሚወስደው ኃይል 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሆን ባለቤቱ ይህን ከወርሃዊ ሂሳቡ ጋር አስቀድሞ ቢያመዛዝን ይሻላል።

አጥር

ገንዳው ውኃ ከመሞላቱ በፊት መጠናቀቅ ያለበት አጥሩ ነው። የግቢው አጥር ሰውን ከመንገድ ይከላከል እንደሆነ እንጂ በግቢው ውስጥ ያለን ሕፃን አይከላከልም፤ የቤቱ ልጆች፣ የጥበቃው ልጆች፣ ለበዓል የመጡ የዘመድ ልጆች ሁሉ የሚኖሩት ከአጥሩ ወዲህ ነው። ስለዚህ ገንዳው ብቻውን ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍታ ባለው፣ ልጅ ተንጠላጥሎ በማይወጣው፣ የብረቶቹ ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ አጥር ይከበባል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋና መቀርቀሪያው ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ ላይ የሆነ ይሁን። ሕፃን ሲሰምጥ እንደሚታሰበው አይጮኽም፣ ውኃም አያንቦራጭቅም፤ በዝምታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። በፕላስቲክ ሽፋን መተማመንም አደገኛ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የረገጠ ልጅ ከሥሩ ይገባና ከላይ አይታይም። ዋና ሲያበቃ ኳሱና መጫወቻው ከውኃው ይውጣ፤ ልጅን የሚጠራው እርሱ ነው። በቤቱ ያሉ አዋቂዎች፣ ልጆችን የሚጠብቁት ሠራተኞች ጭምር፣ የመጀመሪያ የሕይወት አድን እርዳታ፣ በተለይም ትንፋሽ መስጠትን ቢማሩ ለቤተሰቡ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

የውኃው እንክብካቤ

ጥሩ የገንዳ ውኃ ማለት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም በሊትር ነፃ (ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሐደ) ክሎሪን፣ ከ7.2 እስከ 7.6 ፒኤች፣ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም በሊትር አልካላይኒቲ (ፒኤቹ ቶሎ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው የውኃው አቅም) እና ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በሊትር የካልሲየም ጥንካሬ (በውኃው ውስጥ የሟሟው የካልሲየም መጠን) ያለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገንዳው በሚያገለግልበት ወቅት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ አልካላይኒቲው በየሳምንቱ፣ ጥንካሬው በወር አንድ ጊዜ ይለካሉ። ጠብታ የሚጨመርበት መለኪያ ከወረቀቱ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚስተካከለው ፒኤቹ ነው። ክሎሪን ጀርም የመግደል ኃይሉ በፒኤች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ፒኤች 7.2 ላይ ከክሎሪኑ ሁለት ሦስተኛው ያህል ብርቱ በሆነው መልኩ ሲገኝ ፒኤች 8 ላይ የሚቀረው ሩብ ገደማ ነው። ክሎሪን እየጨመረ ለውጥ ያጣ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፒኤችን ለማውረድ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ወይም ሶዲየም ባይሰልፌት፣ ከፍ ለማድረግ ደግሞ ሶዳ አሽ ያገለግላል፤ ሶዳ አሽ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረ በመሆኑ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አልካላይኒቲ ሲያንስ በ45 ሜትር ኩብ ውኃ ላይ በ10 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ለማድረግ 750 ግራም ያህል ሶዲየም ባይካርቦኔት ይበቃል። አሲድ ሁልጊዜ በጥቂቱ ይጨመርና ፓምፑ ለ4 ሰዓት ያህል ካዘዋወረው በኋላ ዳግመኛ ይለካል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ክሎሪን 65 በመቶ የሆነው ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። በእኛ ገንዳ መጠን ክሎሪኑን በ1 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ለማድረግ ከዚህ ዱቄት 70 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ፀሐይ ክሎሪንን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለምታጠፋው የሚጨመረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ የፀሐዩ ጨረር በሚበረታበት ደጋ ይህ ይበልጥ ይታያል። ክሎሪንን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሳያኑሪክ አሲድ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም በሊትር ሲሆን ይረዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ክሎሪኑን ያደነዝዘዋል፣ የሚቀነሰውም ውኃ ደፍቶ በአዲስ በመተካት ብቻ ነው። ቀስ ብለው የሚሟሙት የክሎሪን ኪኒኖች ይህን አሲድ በውስጣቸው ስለያዙ በየጊዜው ይከማቻል። ስለዚህ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ኪኒኑን ለጉዞ ጊዜ ብቻ ማቆየትና ለዘወትሩ ዱቄቱን መጠቀም እመክራለሁ።

ከገንዳው የሚወጣ ኃይለኛ የክሎሪን ሽታና የዓይን መቅላት ክሎሪን መብዛቱን የሚያሳይ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ መድከሙ ነው። የሚያድነውም ማታ ከ7 መቶ ግራም ያላነሰ ዱቄት አሟሙቶ በመጨመር ፓምፑን ሌሊቱን ማሠራትና ክሎሪኑ ወደ 3 እስኪወርድ ዋናን መከልከል ነው። ከመግባት በፊት ገላን መታጠብ የሚባለው ልማድ ለክሎሪን የሚወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል።

አያያዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዱቄቱ ውኃ በተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይጨመራል እንጂ ውኃ በዱቄቱ ላይ አይፈስበትም። አሲድና ክሎሪን ፈጽሞ አይገናኙም፤ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። ሁለት ዓይነት ክሎሪንም በአንድ ዕቃ አይደባለቁም፤ ሊፈነዱ ይችላሉ። በብዙ ግቢዎች የማየው አንድ አደጋ ደግሞ የፓምፕ ክፍሉና የጄኔሬተሩ ክፍል አንድ መሆኑ ነው፤ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ከናፍጣ፣ ከቤንዚን ወይም ከሞተር ዘይት ጋር ሲነካካ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መድኃኒቱ በደረቅ፣ አየር በሚገባበትና በሚቆለፍ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

በሳምንቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። ቅጠሉ በመረብ ይለቀማል፣ የስኪመሩና የፓምፑ ቅርጫት ይጸዳል፣ ግድግዳው በብሩሽ ይታሻል፣ ወለሉ በመጥረጊያ ቱቦ ይሳባል። የማጣሪያው ግፊት መለኪያ ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ከነበረው በ0.5 ባር ከፍ ሲል ባክዋሽ ይደረጋል፤ ይኸውም ፓምፑን አጥፍቶ የቫልቩን እጀታ ማዞር፣ ከዚያ በማያው ብርጭቆ ውስጥ ውኃው እስኪጠራ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ማሠራት፣ እንደገና አጥፍቶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማለቅለቅ ነው። ፓምፑ እየሠራ እጀታውን ማዞር የቫልቩን ላስቲክ ይሰብራል። ቶሎ ቶሎ ማጠብም አይጠቅምም፤ ጥቂት የቆሸሸ አሸዋ ከንጹሑ ይልቅ ረቂቁን ቆሻሻ ይይዛል። አሸዋው ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ይለወጣል።

ክረምት ላይ ዝናቡ ውኃውን ያቀጥነዋል፣ አልካላይኒቲውንና ክሎሪኑን ያወርዳል፣ ከጓሮ የሚመጣ ጭቃም ይጨምርበታል። ስለዚህ በገንዳው ዙሪያ ያለው ንጣፍ ወደ ውጭ ማዘንበሉን ማረጋገጥ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መለካትና ገንዳው ባያገለግልም ፓምፑን በቀን ለጥቂት ሰዓት ማሠራት ግድ ነው። ውኃው አረንጓዴ ከሆነ መጀመሪያ ፒኤቹ ወደ 7.2 ይወርዳል፣ ግድግዳው ሁሉ ይታሻል፣ ማታ ክሎሪኑ ወደ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ከፍ ይደረጋል፣ ፓምፑም ሳያቋርጥ ይሠራል። አልጌው ሲሞት ውኃው ግራጫ ይሆናል፤ ያ ሲታይ ማጣሪያው በየዕለቱ እየታጠበ እስኪጠራ ይጠበቃል። ውኃውን ደፍቶ በአዲስ መሙላት ለሐምሌና ለነሐሴ አይሆንም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ፣ ከገንዳ የሚወጣው ሙቀት አብዛኛው የሚሄደው በትነት በመሆኑ ማታ ማታ መሸፈን ሙቀትንም ውኃንም ይቆጥባል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ የገንዳውን ስፋት ግማሽ ወይም ሙሉ የሚያህል የፀሐይ ማሞቂያ በጣራ ላይ መዘርጋት በመብራት ከማሞቅ ይረክሳል።

ውኃው ከተለመደው በላይ የሚቀንስ ከመሰለ ከመቆፈር በፊት አንድ ባልዲ ውኃ ሞልቶ በገንዳው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ፣ የባልዲውንና የገንዳውን ከፍታ ምልክት ማድረግና ከ24 ሰዓት በኋላ ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ትነት ነው። ገንዳው ከበለጠ ፓምፑ ጠፍቶ ሙከራው ይደገማል፤ ፓምፑ ሲሠራ ብቻ የሚጨምር ፍሳሽ ያለው በመመለሻ ቧንቧው ላይ ነው፣ ጠፍቶም የማያቆመው ደግሞ በገንዳው አካል ወይም በመምጠጫው መስመር ላይ ይፈለጋል። ውኃው ስኪመሩ አፍ ላይ ደርሶ መውረዱን ካቆመ ፍለጋው የሚጀምረው ከስኪመሩ ዙሪያ ነው።